ሣሩን ማጨድ ወይስ ዕድገቱን መግታት? የከተሞቻችን አዲስ መስክ የሚያስነሳው ጥያቄ

ባሕር ዳር፦ በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የደብረ ብርሃን መንገዶች ገጽታቸው እየተለወጠ ነው። ከአስፋልቱ፣ ከእግረኛ መንገዱና ከመብራቱ ጋር አብሮ የመጣ፣ ብዙ ሰው ግን ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ፤ ሣር። በመንገድ አካፋይ፣ በአደባባይ፣ በመዝናኛ ሥፍራና በሐይቅ ዳር የተተከለው መስክ ዓይን ይማርካል፤ አቧራ ይቀንሳል፤ አፈርም ይይዛል።

ሣር ግን እንደ ንጣፍ ድንጋይ አንድ ጊዜ አንጥፈው የሚተውት ነገር አይደለም። በበጋ ውኃ ይጠይቃል፤ በክረምት ደግሞ ማጭድና ማሽን ይጠይቃል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በሳምንት ውስጥ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ሁለት ሳምንት ከተተወ ጉልበት ይነካል፤ ዘር ካፈራ ደግሞ መስክነቱ ቀርቶ ጢሻ ይሆናል። ለተከላው በጀት የያዘ ከተማ ሁሉ ለእንክብካቤው በጀት ይዟል ማለት አይቻልም።

በሌላው ዓለም ይህን ሸክም ለማቅለል ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የሣሩን ዕድገት በኬሚካል መግታት ነው። የጎልፍ ሜዳዎች፣ ስታዲየሞችና የአውራ ጎዳና ዳር መስኮች ለአሥርት ዓመታት ተጠቅመውበታል። መስካችን በሰፋ ቁጥር ይህ ሐሳብ በባለሙያም ሆነ በነጋዴ በኩል ወደ እኛ ከተሞች መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመምጣቱ አስቀድሞ ኬሚካሉ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያተርፍ፣ ምን እንደሚያጎድልና ለማን እንደሚበጅ መመርመር ይገባል።

የሣር ቁመት ከምን ይመጣል?

ጉዳዩን ለመረዳት እ.አ.አ ወደ 1926 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሩዝ ገበሬዎች አንድ እንግዳ በሽታ ነበረባቸው። የታመመው ቡቃያ ከጓደኞቹ በላይ ይመዘዛል፤ ቀጥኖና ገርጥቶ ይወድቃል፤ ፍሬም አይሰጥም። ጃፓኖች በቋንቋቸው «ሞኝ ቡቃያ» ይሉት ነበር። ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ቡቃያውን የሚያስረዝመው አንድ ፈንገስ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። በ1930ዎቹ ይህ ንጥረ ነገር ተለይቶ ጂብሬሊን የሚል ስም ተሰጠው። ቆይቶም ጤነኛ ዕፅዋት ራሳቸው በውስጣቸው የሚሠሩት ሆርሞን መሆኑ ታወቀ።

ጂብሬሊን የዕፅዋትን ሕዋስ የሚያስረዝም ሆርሞን ነው። የሣር ቅጠልና አገዳ ወደ ላይ የሚመዘዘው ሕዋሳቱ ስለተባዙ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሕዋስ ስለሚለጠጥም ነው። እንግዲህ ይህን ሆርሞን ተክሉ እንዳይሠራ ማድረግ ቢቻል ሣሩ ሳይሞት፣ አረንጓዴነቱንም ሳያጣ በአጭሩ ይቀራል። የዛሬዎቹ የሣር ዕድገት መግቻ ኬሚካሎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ፀረ አረም ተክሉን ይገድላል፤ እነዚህ ግን ተክሉን አጭር አድርገው ያኖሩታል።

ይህ ዕውቀት የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ የታወቀው ማሌይክ ሃይድራዛይድ የሕዋሳትን መባዛት የሚያቆም ስለነበር በአሜሪካ የጎዳና ዳር ሣር ላይ ሲረጭ ዕድገቱን ቢገታም መልኩን ያበላሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕዋሳትን መለጠጥ ብቻ የሚገቱ ኬሚካሎች ተገኙ። ዛሬ በሣር ላይ በስፋት ከሚታወቁት ሁለቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ትሪኔክሳፓክ ኢታይል ነው። በቅጠል በኩል ይገባል፤ የሆርሞኑን የመጨረሻ የምርት ደረጃ ይዘጋል። በሥር በኩል እምብዛም ስለማይሠራ ተረጭቶ ቅጠሉ ላይ ሳይደርቅ ዝናብ ከመታው ድካሙ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ፓክሎቡትራዞል ነው። ይህኛው በሥር በኩል ይገባል፤ የሆርሞኑን ምርት ገና ከመነሻው አካባቢ ይዘጋል። ከተረጨ በኋላ ውኃ አግኝቶ ወደ አፈር መስረግ አለበት። አፈር ውስጥም ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ይህ ልዩነት ከታች ለምናነሳው የውኃና የአፈር ጥያቄ ትልቅ ትርጉም አለው።

የሚያስገኘው ጥቅም

ጥቅሙን ማሳነስ ፍትሐዊ አይሆንም። በትክክለኛው መጠንና ጊዜ ሲረጭ የሣሩ የቁመት ዕድገት በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ ውጤቱም እንደ ሣሩ ዓይነትና እንደ ሙቀቱ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ወደ ላይ ያልወጣው ጉልበት ወደ ጎን ስለሚሄድ መስኩ ይጠቀጠቃል፤ ቅጠሉም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። የማጨጃ ማሽን ነዳጅና የሠራተኛ ሰዓት ይቆጥባል። ማሽን ለማስገባት አስቸጋሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ወይም ተሽከርካሪ በሚበዛበት የመንገድ አካፋይ ላይ ሠራተኛን ከአደጋ ይጠብቃል።

ይሁንና ሁለት ነገሮች አብረው መታወቅ አለባቸው። አንደኛው ኃይሉ ሲያልቅ ሣሩ የቀረበትን እንደሚያካክስ ሁሉ ካልተረጨው ሣር ፈጥኖ ለጥቂት ጊዜ መመዘዙ ነው። ሰኔ ላይ ተረጭቶ የተተወ መስክ ዝናቡ በበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ይህ ብድር ይመጣበታል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሣሩ ኬሚካሉን በውስጡ የሚሰብረው በሞቀ ቁጥር ፈጥኖ ስለሆነ በቀን መቁጠሪያ ብቻ መርጨት ያሳስታል።

ለዚህ መፍትሔ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የዕለቱን አማካይ ሙቀት እየደመሩ የሚረጩበትን ቀን የሚወስኑበት ስሌት አቅርበዋል። ቤንትግራስ በተባለ የብርድ አገር ሣር በተሸፈነ የጎልፍ ሜዳ ላይ ትሪኔክሳፓክ ኢታይል በየ200 የሙቀት ድምር ሊደገም እንደሚገባ አሳይተዋል። ይህን ወደ እኛ አገር እናምጣው። የዕለቱ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ከተማ 200 የሚሞላው በ10 ቀን ነው፤ 13 ዲግሪ በሆነበት ደጋ ደግሞ በ15 ቀን ገደማ ነው። በእኛ መስክ የሚበዛው ሰርዶና መሰሎቹ ግን የሙቀት አገር ሣሮች በመሆናቸው ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ከውጭ የመጣ የአጠቃቀም መመሪያ በአካባቢ ሙከራ ሳይረጋገጥ የሚሰጠው ዋስትና አነስተኛ መሆኑን ግን ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

ስሌቱ በእኛ ገበያ

ይህ ቴክኖሎጂ የተወለደው የሠራተኛ ሰዓት ውድ፣ ኬሚካል ርካሽ፣ የታጨደ ሣር ደግሞ ቆሻሻ በሆነበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ሦስቱም ተገልብጠዋል። የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የታጨደ ሣር ደግሞ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

በምሳሌ እንየው። በ12 የክረምት ሳምንታት በየሳምንቱ የሚታጨድ መስክ 12 ጊዜ ይታጨዳል። ዕድገቱ በግማሽ ቢገታ ማጨዱ 6 ጊዜ ይሆናል። ኬሚካሉ በየአራት ሳምንቱ የሚደገም ቢሆን 3 ርጭት ያስፈልጋል። ስለዚህ 6 ማጨድ ይቀራል፤ በምትኩ 3 ርጭት ይመጣል። ርጭቱ ደግሞ መርጫ መሣሪያ፣ የተለካ ውኃ፣ መከላከያ ልብስና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። መጠኑ ካነሰ ጥቅም የለውም፤ ከበዛ ሣሩ ይቢጫል። በየአሥር ቀኑ የሚደገም ከሆነማ ርጭቱ ከቀረው ማጨድ በቁጥር ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ግብዓት ሁሉ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደጨመረ ከአርሶ አደሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከገንዘቡ ጎን ለጎን የሥራ ዕድል ጉዳይም አለ። የከተማ መስክ እንክብካቤ ብዙ ትምህርት ሳይጠይቅ ወጣቶችና ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ከተማው ለውጭ ኩባንያ የሚከፍለውን ገንዘብ ለሰፈሩ ልጅ ደመወዝ ማድረግ ከቻለ የልማቱ ትርጉም ይሰፋል። ኬሚካል የሚያድነው የሠራተኛ ሰዓት በሌላ አገር ቁጠባ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን የአንድ ቤት እንጀራ ሊሆን ይችላል።

የታጨደው ሣር ወዴት ይሄዳል?

የዚህ ትንታኔ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በከተሞቻችን የታጨደ ሣር አይጣልም። በሸክም ታስሮ፣ በአህያ ተጭኖ ወይም በጋሪ ተጎትቶ የከተማ ላም ወዳለበት ጓሮ ይገባል። በከተማና በከተማ ዙሪያ ወተት የሚያመርቱ ቤተሰቦች የግጦሽ መሬት የላቸውም፤ የፋብሪካ መኖ ዋጋም ከአቅማቸው በላይ ሆኗል። ስለዚህ የመንገድ ዳር ሣር ለእነርሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወተት ነው።

በሌሎች አገሮች ለመስክ ሣር የተዘጋጁ የዕድገት መግቻ ኬሚካሎች ሲሸጡ በብዙዎቹ መያዣ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፦ የተረጨበት ቦታ ከብት እንዳይሰማራ፣ የታጨደውም ሣር ለእንስሳት እንዳይሰጥ። ምክንያቱ ኬሚካሉ የግድ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ለጌጥ ሣር የተፈቀደ ምርት በወተትና በሥጋ ውስጥ የሚተወው ቅሪት ለመኖ አጠቃቀም ተመርምሮ ፈቃድ አላገኘም ማለት ነው። በዚያ አገር ማስጠንቀቂያው ማንንም አይጎዳም፤ የጎልፍ ሜዳ ሣር የምትበላ ላም የለችምና። በእኛ አገር ግን ያችው አንዲት መስመር የአንድን ሰፈር የመኖ ምንጭ ትዘጋለች።

ማስጠንቀቂያው በማናውቀው ቋንቋ፣ በመጋዘን በተቀመጠ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ረጪው ረጭቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ማለዳ ሣር የምታጭደው እናት ግን ስለ ርጭቱ የሚነግራት ሰው የላትም። ሣሩ አልጠወለገ፣ አልቢጫም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ለምልሞ ጠቁሯል። ፀረ አረም የተረጨበትን ሣር ዓይን ይለየዋል፤ ዕድገቱ የተገታውን ሣር ግን ዓይን ሊለየው ስለማይችል ሥጋቱ ይከፋል።

የበዓል ሣርም አለ። ለዕንቁጣጣሽ፣ ለመስቀልና ለሌላውም አውዳመት ለጉዝጓዝ የሚፈለገው ለምለም ከረግረግ ብቻ አይመጣም፤ ከተገኘበት ይታጨዳል። የቡናው ረከቦት የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚድኸበት ጉዝጓዝ ከየት እንደመጣ ማን ይጠይቃል? አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ማለቷን አባቶቻችን የሚተርቱት ለራስ ወዳድ ሰው ነው። ከተማ ለውበቱ ብሎ የጎረቤቱን ላም መኖ ካሳጣት ተረቱ ለእርሱም ይሆናል።

ጣናና አባይ ዳር ያሉ መስኮች

ባሕር ዳር በጣና ዳርና በአባይ መውጫ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጣና እ.አ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የእምቦጭ አረም ሲፈትነው ኖሯል። የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሚሰፋ መስክ ላይ የሚጨመር ማናቸውም ነገር በክረምት ጎርፍ ወደ ውኃው የሚደርስበት መንገድ አጭር ነው።

በዚህ ረገድ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውና በሥር በኩል የሚሠራው ፓክሎቡትራዞል ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በመስኩ መካከል የተተከሉ አበቦችና ችግኞችም ሥራቸው በዚያው አፈር ውስጥ ስለሆነ ዕድገታቸው አብሮ ሊገታ ይችላል። በአረንጓዴ ዐሻራ የተተከለ ችግኝ ከሥሩ ያለውን ሣር ለማሳጠር በተረጨ ኬሚካል ቀጭጮ ቢቀር አንዱ ልማት ሌላውን አጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። መስክ ፈጥኖ እንዲለመልም ዩሪያ ይበተንበታል፤ ሣሩ በዩሪያው ኃይል ሲመዘዝ ደግሞ የሚያሳጥር ኬሚካል ይፈለጋል። በአንድ እጅ እየገፉ በሌላ እጅ መጎተት ማለት ይህ ነው። ሣሩ ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን በጎርፍ ወደ ሐይቁ ሲገባ ለእምቦጭም ምግብ ይሆናል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም የመኸር ወቅት አርሶ አደሩ ማዳበሪያ አጥቶ የተንገላታበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው ለጌጥ ሣር የሚበተን ዩሪያ ሁሉ ሊያሳስበው ይገባል። የሣርን ዕድገት ለመግታት የመጀመሪያውና ርካሹ ዘዴ ማዳበሪያውን መቀነስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ሰው ዕድገት መግቻ ተባይ ስለማይገድል ከፀረ ተባይ ቁጥጥር ውጭ ይመስለዋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት የፀረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ ግን የዕፅዋትን ዕድገት ለመቆጣጠር የሚውሉ ንጥረ ነገሮችንም በፀረ ተባይ ትርጓሜ ውስጥ ያካትታል። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አንድ ምርት ወደ አገር ገብቶ ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው ደግሞ ለተወሰነ አገልግሎት ነው። ለአበባ እርሻ የተፈቀደ ምርት ለመንገድ ዳር ሣር ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም ከተማ ወይም ተቋራጭ እንዲህ ያለውን ምርት ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል። ምርቱ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ? የተመዘገበው ለዚህ አገልግሎት ነው ወይ? የአጠቃቀም ጽሑፉ ስለ መኖና ስለ ውኃ ምን ይላል? የሦስቱ መልስ በጽሑፍ ካልተገኘ ውል መፈረም አይገባም።

ስታዲየም የተለየ ጉዳይ ነው

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ኬሚካሉ የትም ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም የባሕር ዳር ስታዲየም ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ካገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገዷል። ዋልያዎቹ እ.አ.አ በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት እንኳ በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ስታዲየሞቻችን ወደ ደረጃቸው ሲመለሱ ሜዳው ራሱን የቻለ ሙያ መጠየቁ አይቀርም።

በስታዲየም ሜዳ ላይ ዕድገት መግቻ ጥሩ ምክንያት አለው። ሣሩ ይጠቀጠቃል፤ ኳሱ እኩል ይሮጣል፤ የተሠመረው ነጭ መሥመርም ቶሎ አይሸፈንም። ቦታው የታጠረ ስለሆነ ከብት አይገባበትም፤ የታጨደውን ሣር ለይቶ ማስወገድም ይቻላል። በዚያም ላይ ሜዳውን የሚከታተል ቋሚ ባለሙያ ሊመደብለት ይችላል። ቢሆንም ወሰን አለው። በጨዋታ የተቦጨቀ የግብ ክልል እንዲድን የሚያስፈልገው ዕድገት ስለሆነ በተጎዳ ወይም ውኃ በተጠማ ሣር ላይ መርጨት ቁስሉን ያቆየዋል። ኬሚካሉ ለጤነኛ ሜዳ እንክብካቤ ይጠቅማል፤ የታመመ ሜዳን ግን አያድንም።

ከጌጥ ሣር ወደ ጤፍ

በግብርና ኮሌጅ የሣር ቤተሰብን የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጤፍም ሣር ነው። የሣርን አገዳ የሚያሳጥር ዕውቀት በእኛ አገር እውነተኛ ቦታው ከአደባባይ ይልቅ ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል።

የጤፍ ትልቁ ችግር መጋሸብ ነው። አገዳው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ዛላው ሲከብድ፣ ነፋስና ዝናብ ሲመታው ይተኛል። የተኛ ጤፍ ፍሬው አይሞላም፤ ይረግፋል፤ ይሻግታል፤ ለአጨዳም ያስቸግራል። በማሽን ለማጨድ ያለው ሕልምም እዚያው ይሰናከላል። ማዳበሪያ በጨመሩለት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል፤ ይበልጥም ይጋሽባል። በስንዴ ይህን ቋጠሮ የፈታው እ.አ.አ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለው ኖርማን ቦርሎግ ያስፋፋው አጭር አገዳ ያለው ዝርያ ነበር። የዚያ ስንዴ ምሥጢር ለጂብሬሊን የማይታዘዝ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ደግሞ እ.አ.አ በ1960 የታወቀው ክሎርሜኳት የተባለው መግቻ በስንዴና በሌሎች የብርዕ ሰብሎች ላይ መጋሸብን ለመከላከል ለብዙ ዓመታት ሲረጭ ኖሯል።

በጤፍም ተሞክሯል። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራ ቡድን እ.አ.አ በ2016 ባሳተመው ጥናት ጂብሬሊንን የሚገታው ፓክሎቡትራዞል ጤፍንና ዳጉሳን እንደሚያሳጥር፣ መጋሸብን እንደሚቀንስና ድርቅን የመቋቋም አቅምን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። የጥናቱ ዋና ትምህርት አርሶ አደሩ ይህን ኬሚካል ይርጭ የሚል አይደለም። ጂብሬሊን የሚያንሰው ዝርያ ቢገኝ ያለ ኬሚካል ያንኑ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ነው የሚጠቁመው።

ይህ ልዩነት ለክልላችን ትልቅ ነገር ነው። የጤፍ ጭድ ለበሬና ለላም የሚመረጥ መኖ ነው፤ ለቤት ምርጊትም ይውላል። በጤፍ ላይ የሚረጭ ኬሚካል በእንጀራው ብቻ ሳይሆን በወተቱም በኩል ወደ ቤታችን ይመለሳል። ከብዙ ዓመታት አጠቃቀም በኋላም ክሎርሜኳት በምግብ ውስጥ ስለሚተወው ቅሪት በአውሮፓና በአሜሪካ ክርክሩ አላበቃም። ስለዚህ ምርምር ማዕከላት ኬሚካሉን ማሳያ አድርገው አጭርና ጠንካራ አገዳ ያለውን ዝርያ ቢፈልጉ አርሶ አደሩ በየዓመቱ ጠርሙስ ከመግዛት ይድናል። ዝርያ አንዴ ከእጁ ከገባ ራሱ ያባዛዋል፤ ኬሚካል ግን በየዓመቱ ገበያ ይጠራዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነሳው ሁሉ የሚከተለው ድምዳሜ ይወጣል። ከብት በሚሰማራበት፣ ሰው ሣር በሚያጭድበትና ጎርፉ ወደ ሐይቅ በሚወርድበት ቦታ የዕድገት መግቻ ኬሚካል በአሁኑ ሁኔታ የሚመከር አይደለም። በታጠረ ስታዲየምና ሠራተኛን ለአደጋ በሚያጋልጥ ጠባብ የመንገድ አካፋይ ላይ ግን ምርቱ ለዚያ አገልግሎት ከተመዘገበ፣ በባለሙያ ከተረጨና ከተጻፈበት ሊሞከር ይችላል።

ለቀረው መስክ ርካሽ መንገዶች አሉ። በመጀመሪያ የሣሩን ዓይነት መምረጥ ነው። ሰርዶ አገራችንን የለመደ፣ ዝቅ ብሎ የሚነጠፍና ድርቅን የሚችል ሣር ስለሆነ ብዙ ውኃና ማዳበሪያ ከሚጠይቅ የውጭ ሣር ይልቅ ለመንገድ ዳር ይስማማል። ሁለተኛ ለመስክ የሚሰጠውን ዩሪያ መቀነስ ነው። ሦስተኛ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሳያጭዱ በመደበኛ ጊዜ ማጨድ ነው፤ ከዚህ በላይ የታጨደ ሣር ሥሩ ይደክማል፤ አረምም ይወርረዋል። አራተኛ ለእይታ ብቻ የሚያገለግለውን ሥፍራ ከመደበኛ ሣር ይልቅ በቋሚ አበባና በአገር በቀል ቁጥቋጦ መሸፈን ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ከተማው መስኩን ሲያቅድ የታጨደውን ሣር እንደ ምርት ይቁጠረው። የተደራጁ ወጣቶች በወቅቱ ያጭዱታል፤ የወተት አምራቾች ማኅበር ተራ ይዞ ይረከበዋል፤ ትርፉ በክረምት ደርቆ ለበጋ ይከመራል። እንዲህ ከሆነ ሣሩ ማደጉ ችግር መሆኑ ይቀርና ጥቅም ይሆናል። መንገዱ ያምራል፤ የሰፈሩ ልጅ ሥራ ያገኛል፤ ላሟም ትጠግባለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ የሚሰጡት የከተማ አስተዳደሮች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ተቆጣጣሪው አካል ናቸው። ጊዜው ደግሞ ርቆ የሚታይ አይደለም፤ ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ ሣሩም አብሮት ይመጣል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ግን ሣሩን ማን እንደሚበላው መጠየቅ የሁሉም ኃላፊነት ነው።